የኤርታሌን ወጋገን በከሰል ማንደጃ መለማመድ

ኤርታሌ አፋፍ ላይ ባደርኩበት የመጀመሪያ ሌሊት አንድም ደህና ፎቶ አላነሳሁም። ካሜራው በጨለማ ፎከስ ፍለጋ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። እኔ ደግሞ የአይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚቀይረው ቁልፍ፣ የት እንዳለ በዳበሳ እፈልጋለሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት ነጭ ጉድፍ የመሰለ እሳትና ድቅድቅ ያለ ሰማይ ነው። ዓይኔ ያየው ግን ሌላ ነበር። ከጉድጓዱ አፍ በላይ፣ ጭሱ ሆድ ላይ፣ የበሰለ ብርቱካን የመሰለ ብርሃን እየደመቀና እየፈዘዘ ነበር። ያንን ይዤ አልተመለስኩም።

መልሱን ያገኘሁት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ፣ ፒያሳ ቤታችን በረንዳ ላይ ነው። እህቴ ማታ ቡና እያፈላች ነበር። መብራት ጠፍቷል። ፍሙ ላይ እጣን ጣል ስታደርግ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከታች ያለው ፍም የጭሱን ሆድ አቀላው። ሲኒዬን እንደያዝኩ ዝም ብዬ አየሁት። ኤርታሌ ላይ ያመለጠኝ ነገር እዚሁ በእጄ ርቀት ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደ አፋር ስሄድ ልምምዴን የምጨርሰው እዚሁ መሀል ከተማ ነው። ተራራው ላይ የሚኖራችሁ አንድ ሌሊት፣ ቢበዛ ሁለት ነው። በዚያች ሌሊት ካሜራ መማር አይቻልም። ስለዚህ ከዚህ መመሪያ ብዙው ስለ አዲስ አበባ ነው። አፋር የሚመጣው ወደ ኋላ ላይ ነው።

የምታነሱት እሳቱን አይደለም

ብዙ ሰው ካሜራውን በቀጥታ ቅልጥ አለቱ ላይ ይደግናል። የሰማይ ወጋገን ግን ቅልጥ አለቱ አይደለም። ከታች የሚነሳው ብርሃን ከላይ ያለውን ጋዝ፣ እንፋሎትና አመድ ሲመታ የምናየው ነው። ደመና በወረደበት ምሽት መስቀል አደባባይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ ይኸው ነገር አለላችሁ። የከተማው መብራት ደመናውን ከታች ያበራዋል። ልዩነቱ የቀለም ነው።

የኤርታሌ ዓይነት ባዛልት ቅልጥ አለት ከመሬት ሲወጣ ሙቀቱ ከ1100 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ያኔ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርቱካናማ ነው። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይቀላል። ከዚያ ላዩ ጠቁሮ ቅርፊት ያበጃል። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ብቻ እንደ መብረቅ ሐረግ ይበራል።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። ያንን ስንጥቅ በደንብ ለማንሳት ካሜራው ለ1/250 ሰከንድ ብቻ ቢከፈት ሊበቃ ይችላል። ከላዩ ያለው ወጋገን ደግሞ 4 ሰከንድ ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1000 እጥፍ ነው። ካሜራ ይህንን በአንድ ፎቶ አስማምቶ መያዝ ይከብደዋል።

እኔ የደረስኩበት መፍትሔ ቀላል ነው። ወደ ኋላ ሂዱ። ከአፋፉ እየራቃችሁ ስትሄዱ እሳቱ ከገደሉ ጠርዝ ጀርባ ይደበቃል። የሚቀረው ጥቁር የድንጋይ መስመርና ከበላዩ ያለው ቀይ ሰማይ ነው። ከዚያ በኋላ ካሜራው የሚታገለው ነገር የለም። ደግሞም ከአፋፍ መራቅ ለነፍስም ይበጃል። በዚህ ሥራ ለፎቶው የሚሻለውና ለደህንነት የሚሻለው አንድ ቦታ ላይ መገናኘታቸው ሁሌም ደስ ይለኛል።

መቼ መሄድ፣ ጨረቃን እንዴት መቁጠር

አፋር ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሙቀቱ ይቻላል። የአዲስ አበባ ሰማይም ከጥቅምት ጀምሮ ስለሚጠራ ልምምዱና ጉዞው ይገጥማሉ።

ጨረቃን ለመቁጠር እኔ የምጠቀመው የሂጅራ አቆጣጠርን ነው። ወሩ የሚገባው ጨረቃ ስትወለድ ስለሆነ ቀኑን ማወቅ ጨረቃዋን ማወቅ ነው። 14 እና 15 ላይ ሙሉ ናት። ከ27 በኋላ ማታው ሁሉ ጨለማ ነው። አፋር ውስጥ ማንኛውንም ሰው ብትጠይቁ ይነግራችኋል።

የሰማይ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት ይመርጣሉ። እኔ ለእሳተ ገሞራ አልስማማም። መሬቱ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጨረቃ ከሌለ ከወጋገኑ በታች ያለው ሁሉ የቀለም ቅብ ይመስላል። ከወሩ 4ኛው ወይም 5ኛው ቀን ይሻለኛል። የዚያን ቀን ጨረቃ ከማታው 4 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ከዚያ በፊት መሬቱን በስሱ ታበራለች። ከዚያ በኋላ ሰማዩ የኮከብ ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት ሌሊት አገኛችሁ ማለት ነው። ጨረቃ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች እንደምትጠልቅ አስቡበት።

ተራራው ራሱም ይለዋወጣል። ኤርታሌ ቁመቱ 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ስሙ በአፋርኛ የሚጨስ ተራራ ማለት ነው። ጥር 2009 ላይ የቅልጥ አለት ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ጎኑም ተሰንጥቆ ሌላ ፍሳሽ ወጣ። ሐምሌ 2017 ላይ እንደገና ፈነዳ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ደግሞ ከደቡብ ምሥራቁ ያለው ሌላው እሳተ ገሞራ፣ ሃይሊ ጉቢ፣ ድንገት ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ። የአፍዴራ አካባቢ ሰዎች አመድ ለብሰው አደሩ። እንዲህ ዓይነቱ ፍንዳታ ለፎቶ የሚቀረቡት አይደለም። ሰው ከብቱ የሚበላውን ባጣበት ሰዓት ካሜራ ተሸክሞ መንደር መግባትም ነውር ነው።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚከታተል ነው። ባለሙያዎቹ የሚሉትን ስሙ። ከሰመራም ሆነ ከአፍዴራ በቅርቡ ወርዶ የመጣ አስጎብኚ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። የአንድ ወር መረጃ አርጅቷል።

ዕቃ

ማኑዋል የሚሠራ፣ ማለትም ሁሉም ነገር በእጅ የሚስተካከልበት ካሜራ፣ ሰፊ ሌንስ፣ የማይወዛወዝ ትራይፖድ። ሌንሱ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 2.8 ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስም 3.5 ላይ ይሠራል። ሦስት ወይም አራት የተሞላ ባትሪ ያዙ፣ ተራራው ላይ ሶኬት የለም። ቀይ ብርሃን ያለው የግንባር ባትሪ፣ የሌንስ አቧራ የሚነፋ የጎማ መንፊያ፣ ነጭ ፕላስተር፣ ትልልቅ የፕላስቲክ ከረጢቶች።

ጭምብሉ ላይ አትቆጥቡ። የሕክምና ማስክ ጋዝ አያቆምም። የአቧራ ማስክም አመድ እንጂ ጋዝ አያቆምም። የሚያስፈልገው ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጥ፣ የአሲድ ጋዝ ማጣሪያ ያለው ነው። በአውሮፓ ደረጃ የተሠሩት ላይ ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚሆነው ማጣሪያ ቢጫ ቀለምና ኢ የሚል ምልክት አለው። የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። እዚያው ለክታችሁ፣ ጎንና ጎኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ተንፍሱበት። አየር በጎን ከገባ ሌላ መጠን ይስጧችሁ።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የስልኩን ፕሮ የሚለውን ክፍል ክፈቱ፣ ፎከሱን የተራራ ምልክቱ ላይ አድርጉ፣ አይኤስኦ 800 እና 2 ሰከንድ ስጡት። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ በ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሱ። ከታች የምለው ልምምድ ሁሉ ለስልክም ይሆናል።

ደረጃ አንድ፦ ፎከስን ከፎቅ ጣሪያ ላይ መቆለፍ

ጥርት ባለ ምሽት ወደ ጣሪያ ውጡ። ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ስድስት ኪሎ፣ የትም ይሁን። መብራት የሚጠፋበት ምሽት ከመጣ ደግሞ አያምልጣችሁ፣ ሰፈሩ ሲጨልም ሰማዩ ወዲያው ይወርዳል።

ሌንሱን ከአውቶ ወደ ማኑዋል ፎከስ ቀይሩ። ደማቅ ኮከብ ፈልጉ። በጥር ማታ 2 ሰዓት ላይ ወደ ምሥራቅ ዞር ብትሉ ሲሪየስን ታገኛላችሁ፤ ከሌሊት ሰማይ ኮከቦች ሁሉ እሱን የሚያህል ደማቅ የለም። የካሜራውን ስክሪን ክፈቱና ኮከቡን እስከ አሥር እጥፍ አቅርቡት። አሁን የፎከስ ቀለበቱን በጣም ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ኮከቡ መጀመሪያ እንደ ዳቦ ያበጠ ነው። እያነሰ ይሄዳል። ከትንሹ ነጥብ አልፋችሁ እንደገና ማበጥ ሲጀምር ትንሽ መልሱት። እዚያ ላይ ቁሙ። ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፉት።

ሌንሱ ላይ ያለውን የተኛ ስምንት የሚመስል ምልክት አትመኑ። በብዙ ሌንስ ትክክለኛው ቦታ ከምልክቱ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ነው። ይህንን በሌሊት ብርዱ 10 ዲግሪ በሚሆን ከተማ ያደረጋችሁትን ሥራ ሙቀት ውስጥ ስትገቡ እንደገና ፈትሹት። ሌንስም በሙቀት ቦታውን ሊለውጥ ይችላል።

ጣሪያው ላይ ሳላችሁ ሰሜን ኮከብንም ፈልጉ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ኮከቡም ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የሚነሳው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም ከፍ አይልም። ኤርታሌ ላይ ከ13 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ከጉድጓዱ በስተደቡብ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ካነሳችሁ ወጋገኑ ከታች፣ ኮከቦቹ የሚዞሩበት መሀል ከበላዩ ይሆናል። ኮከቦች ክብ እየሠሩ የሚታዩበትን ፎቶ ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም።

ኮከቦቹ ነጥብ ሆነው እንዲቀሩ ደግሞ 500ን ለሌንሱ የፎከስ ርዝመት፣ ማለትም ሌንሱ ላይ ለተጻፈው ሚሊ ሜትር፣ አካፍሉ። 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሆነ ወደ 20 ሰከንድ ይመጣል። ካሜራችሁ ትንሹ ሴንሰር ያለው ከሆነ መጀመሪያ ርዝመቱን በ1.5 አባዙ፤ 18 ሚሊ ሜትሩ 27 ሆነ፣ ስለዚህ 18 ሰከንድ ግድም ነው። ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ሰረዝ ይሆናል።

ደረጃ ሁለት፦ እጅ ያለ ዓይን

ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ፣ ዓይናችሁን በነጠላ ወይም በሻርፕ እሰሩ። አይኤስኦውን ከ400 ወደ 1600 ቀይሩ። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ከ1/250 ወደ 4 ሰከንድ አምጡ። ባትሪ አውጥታችሁ ሌላ አስገቡ። ሚሞሪ ካርድ ቀይሩ። የትራይፖዱን አንድ እግር አሳጥሩ። ሳትሳሳቱ እስክትጨርሱ ደጋግሙት። ለእኔ አራት ምሽት ፈጅቷል። ተራራው ላይ ጭምብል ፊታችሁን ሸፍኖት፣ ዓይናችሁ እያለቀሰ፣ ይኼ እጅ ነው የሚያድናችሁ።

ደረጃ ሦስት፦ ማንደጃው

መጀመሪያ አንድ ነገር። ይህንን በረንዳ ወይም ግቢ ውስጥ እንጂ በተዘጋ ክፍል አትሞክሩት። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። በየዓመቱ በዚህ የሚቀጠፉ ቤተሰቦች እንዳሉ ታውቃላችሁ።

ከሰሉን አቀጣጥሉ፣ ጨርሶ እስኪፈም ጠብቁ። የአካባቢውን መብራት አጥፉ። አሁን ቀርባችሁ እዩት። ፍሙ ላይ እንደ ጥጥ ብናኝ የሳሳ ነጭ አመድ አለ። ከሥሩ ደብዛዛ ቀይ ይታያል። በካርቶን ቁራጭ አንዴ አርገብግቡት። አመዱ ይበተናል፣ ስንጥቆቹ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ መሀላቸው ቢጫ ይሆናል። ማርገብገቡን ስታቆሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀላል። የቅልጥ አለት ቅርፊትም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ሙቀት ሲጨምር ቀለሙ ከቀይ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ብርሃኑም በብዙ እጥፍ ያድጋል።

ካሜራውን ከላይ ወደ ፍሙ አዙሩ። ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ይሁን። አይኤስኦ 400፣ አፐርቸር 4፣ ሹተር 1/30 ስጡት። ስክሪኑ ላይ ፍሙ ነጭና ቢጫ ሆኖ፣ ስንጥቁ ጠፍቶ ይወጣል። አሁን ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን በግራ ከጨለማው በቀኝ እስከ ደማቁ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ክፈቱ፤ ነጩን ብቻ አይደለም፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተለያይተው የሚታዩበትን ነው። ቀዩ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ታያላችሁ። ነጩ ሂስቶግራም ግን ምንም አልተበላሸም ሊላችሁ ይችላል። የእኔን የመጀመሪያ ሌሊት ያበላሸው ይህ ነው። የእሳት ብርሃን ከሞላ ጎደል ቀይ ነው። ቀዩ ቀድሞ ይሞላል፣ ሲሞላ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም።

ወደ 1/125 ውረዱ። ከዚያ 1/250፣ 1/500። የሆነ ቦታ ላይ ቀዩ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ ስንጥቆቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ያንን ቁጥር ጻፉት። ኤርታሌ ላይ ከዚያ ቁጥር ትጀምራላችሁ፤ ትኩስ ስንጥቅ ካለ ከዚያም የፈጠነ ይፈልጋል።

ዋይት ባላንሱ (የቀለም ሚዛኑ) አውቶ አይሁን። ካሜራው ቀዩን እንደ ስህተት አይቶ ሊያጠፋው ይሞክራል። እኔ 4200 ኬልቪን ላይ አስቀምጬ እተወዋለሁ። ሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ስለሚሆን በኋላ ማስተካከል ይቀላል።

አሁን ዋናው ነገር። ትራይፖዱን ዝቅ አድርጉት፣ የማንደጃው ከንፈር ፍሙን እስኪሸፍነው ድረስ። ከንፈሩ የገደሉ አፋፍ ነው። ፍሙ ከካሜራው ተደበቀ፣ የላይኛው አየር ብቻ ቀረ። አይኤስኦ 1600፣ አፐርቸር 2.8፣ 2 ሰከንድ። አንድ ሰው እጣን ጣል ያድርግላችሁ። ጭሱ ሲወጣ አንሱ።

ከዚያ ጊዜውን ቀያይሩ። በ1/4 ሰከንድ ጭሱ እንደ ሪባን የተጠማዘዘ መስመር አለው። በ2 ሰከንድ መስመሩ ይለሰልሳል። በ8 ሰከንድ ቅርጽ የለውም፣ ቀላ ያለ ጭጋግ ብቻ ነው። የእሳተ ገሞራው ጋዝ ከእጣን ጭስ በብዙ የሚበልጥና ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ ቁጥሮቹ ይለያሉ፤ ምርጫው ግን ያው ነው። እኔ ቅርጹ እንዲቀር ስለምፈልግ ከ4 ሰከንድ አላልፍም። ብርሃን ካነሰኝ ጊዜውን አላስረዝምም፣ አይኤስኦውን ወደ 3200 ከፍ አደርጋለሁ።

እህቴ አንድ ምሽት ስታየኝ «ቆይ፣ ፍሙን ሳታሳይ ፎቶው ምኑ ያምራል?» አለችኝ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አሳየኋት። ፍሙ የሚታይበትን አይታ አለፈችው። ፍሙ የተደበቀበት ላይ ግን ቆየች። ከዚያ ወዲህ እጣኑን መቼ ጣል ማድረግ እንዳለባት ሳልነግራት ታውቃለች።

ደረጃ አራት፦ ደመራ

መስከረም 16 ማታ ለዚህ ሥራ የዓመቱ ትልቁ ልምምድ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ ሕዝቡ ብዙ፣ ፍተሻውም ጥብቅ ስለሆነ ትራይፖድ መዘርጋት አይታሰብም። የሰፈር ደመራ ይሻላል። ጎረቤት ነው፣ ያውቁአችኋል፣ ቦታ ይለቁላችኋል።

እዚያ የምትማሩት የሰዓት ነገር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ የሚሆንበት ጊዜ በእኛ አገር አጭር ነው፣ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በዚያች ጊዜ የሰማዩና ከእሳቱ በላይ ያለው ጭስ ብርሃን እኩል ይሆናል። አንድ ፎቶ ሁለቱንም ይይዛል። ካመለጣችሁ ሰማዩ ጥቁር ነው። በ1998 መስከረም 16፣ በደመራው ዕለት፣ አፋር ውስጥ ዳባሁ የተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ አመድ መትፋት የጀመረ ነው፤ ችቦ በበራ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ደመራ ሩቅ ከሆነ ደመና የወረደበትን ምሽት ተጠቀሙ። ከቸርችል ጎዳና አናት ወደ ለገሃር እያያችሁ የከተማው ብርሃን ደመናውን እንዴት እንደሚመታ አንሱ። የንግድ ባንኩን 209 ሜትር ሕንጻ ከክፈፉ አስገቡት። ሕንጻው ደማቅ፣ ደመናው ፈዛዛ ነው። አንዱን ትዕይንት በአምስት የተለያየ ጊዜ አንሱት፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው አራት እጥፍ የረዘመ ይሁን። ትራይፖዱ ሳይነቃነቅ። ወጋገንና እሳት አብረው እንዲታዩ ከፈለጋችሁ ተራራው ላይም የምታደርጉት ይህንኑ ነው።

መንገድ ላይ ትራይፖድ ከዘረጋችሁ ጥበቃ መምጣቱ አይቀርም። ሰላም በሉ፣ የምታነሱትን ስክሪኑ ላይ አሳዩ፣ ተነሱ ካሏችሁ ተነሱ። ወደ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ፓርላማ፣ ወደ ኤምባሲ ካሜራ አታዙሩ። ድሮንን ደግሞ እዚህም እዚያም ያለ ፈቃድ አታስቡት።

ተራራው ላይ፦ የሌሊቱ ቅደም ተከተል

ከአዲስ አበባ ሰመራ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመኪና ወደ 600 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ወደ አፍዴራ፣ ከዚያ ወደ ተራራው። የአካባቢው ፈቃድና የአፋር መሪ ሳይዙ መሄድ አይቻልም፣ መሞከርም አያስፈልግም። መሪው አትሂድ ያለበት ቦታ አይኬድም። የቀዘቀዘው ቅርፊት ብዙ ቦታ ሥሩ ባዶ ነው። ከላይ ጠንካራ መስሎ እግር ይውጣል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን።

በብርሃን ድረሱ። ቁጭ ብላችሁ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ግማሽ ሰዓት ተመልከቱ። እናንተ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቁሙ። ሁለት ቦታ ምረጡ፤ ነፋስ ሲዞር ወደ ሁለተኛው ትሄዳላችሁ። መመለሻ መንገዱን በብርሃን አንዴ ሄዳችሁ ልመዱት።

ፀሐይ ጠልቃ 10 ደቂቃ ሲሆናት የመጀመሪያውን አንሱ፦ አይኤስኦ 200፣ አፐርቸር 5.6፣ ሹተሩ ሂስቶግራሙ እንዳለው። የድንጋዩ ቅርጽ የሚታየው በዚህ ፎቶ ነው። ትራይፖዱን ከዚያ አታንሱት። ሰማዩ ጨርሶ የሚጨልመው ፀሐይ ከጠለቀች ከ70 ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያ ወጋገኑ በየደቂቃው እየጎላ ይመጣል። በየ5 ደቂቃው አንድ አንሱ።

ሲጨልም የማንደጃውን ቁጥር አውጡ። ወጋገኑን በ1600፣ 2.8፣ 3 ሰከንድ ጀምሩ። ቀዩን ሂስቶግራም እዩ። ወጋገኑ ይተነፍሳል፤ ጋዙ ሲበዛ ይደምቃል፣ ሲሳሳ ይደበዝዛል። አንድ ቁጥር ይዛችሁ ደጋግማችሁ አንሱ እንጂ በየፎቶው ቁጥር አትቀያይሩ። ከሃምሳ ፎቶ ሦስቱ ይበቃሉ።

ሰው ካለበት ፎቶው መጠኑን ያገኛል። ጓደኛችሁ ከአፋፉ ርቆ፣ ባትሪውን አጥፍቶ ለ3 ሰከንድ ዝም ብሎ ይቁም። መሪያችሁን ማንሳት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፎቶውንም አድርሱለት።

ጨረቃ ስትጠልቅ የኮከቡ ሰዓት ነው። አይኤስኦ 3200፣ 2.8፣ 15 ሰከንድ። ከጉድጓዱ ትንሽ ራቅ በሉ፣ አለበለዚያ ወጋገኑ ኮከቦቹን ይበላቸዋል። ሙቀት ሴንሰሩን ስለሚያስቸግረው ፎቶው ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ ይበዛል። መጨረሻ ላይ የሌንሱን ክዳን ገጥማችሁ፣ በዚያው አይኤስኦና በዚያው ሰከንድ አሥር ጥቁር ፎቶ አንሱ። በኋላ ኮምፒውተሩ ነጠብጣቡን በእነሱ ይቀንሰዋል። ካሜራው በራሱ የሚያደርገውን የነጠብጣብ ማጥፊያ ግን ዝጉት፤ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት እጥፍ ጊዜ ያስጠብቃችኋል፣ ወጋገኑ ደግሞ አይጠብቅም።

ጉሮሮ ከከረከራችሁ፣ ዓይን ከቆጠቆጣችሁ፣ ፎቶው መሀል ላይ ቢሆንም ተነሱና ውጡ። ካሜራውን በኋላ ተመልሳችሁ ትወስዱታላችሁ።

ሌንስና ፋይል

ኤርታሌ አካባቢ ነፋሱ ወርቃማ ጸጉር የመሰለ ቀጭን የመስታወት ክር ይዞ ይመጣል። ከቅልጥ አለቱ ተመዞ የቀዘቀዘ ነው። ሌንሳችሁ ላይ ካረፈ በቲሸርት አትጥረጉት፣ ይቧጭራል። በጎማው መንፊያ ንፉት። በእጃችሁም አትያዙት፣ ቆዳ ውስጥ ይቀራል። ሌንስ እዚያ አትቀይሩ። ማታ ስትጨርሱ ካሜራውን በከረጢት አስሩት።

አዲስ አበባ ስትገቡ መጀመሪያ ፋይሎቹን ሁለት ቦታ ገልብጡ። ቀጥሎ ካሜራውንና ትራይፖዱን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። የጋዙ አሲድ ብረቱ ላይ ካደረ ይበላዋል፤ የትራይፖዴ ቁልፍ አንዴ እንዲህ ተበላሽቶብኛል።

ኮምፒውተር ላይ የቀለሙን መጠን አትጨምሩ። ቀይ በራሱ ብዙ ነው፣ ብትጨምሩበት ጭሱ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ይልቅ የቀዩን ድምቀት በትንሹ ቀንሱት፣ የጭሱ እጥፋት ይወጣል። የመጀመሪያውን የድንግዝግዝ ፎቶ ከታች፣ የወጋገኑን ከላይ ማጋጠም ይቻላል፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ሌሊት ናቸውና። ከሌላ ሌሊት የመጣ የኮከብ ጭፍራ እላዩ ላይ መለጠፍ ግን አልወድም። በጥር ማታ ሰማይ ላይ የሌለ የፍኖተ ሐሊብ መሀል ኤርታሌ ላይ ተለጥፎ ሲታይ፣ እዚያ ያደረ ሰው ያውቀዋል።